ግንዛቤ ማስጨበጫው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው

መነሻ ጽሑፍ

የደሴ ሰው ስለ አካል ጉዳት ግንዛቤ የለውም የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። ክራንቼን ይዤ ስሄድ መንገድ የማይለቅልኝ የለም። ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላውን የሚያጋራኝ አላጣም። ሰዉ ደግ ነው። ደግነቱ ግን ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ነገሩን ያስነሳኝ አንድ ጥሪ ነው። ስሙ ይቆየንና አንድ መሥሪያ ቤት ስለ አካል ጉዳተኞች ችግር ግንዛቤ ማስጨበጫ አዘጋጅቶ ጠራን። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። እኔ እያረፍኩ ወጣሁ። በዊልቸር የመጣውን ወዳጄን አራት ጎረምሶች ከነወንበሩ ተሸክመው አወጡት። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። እሱ ግን ፊት ለፊቱ የተቀመጠለትን ውሃ ሳይነካ ዋለ። ከጠጣ ሽንት ቤት አለ፤ ሽንት ቤት ካለ ደግሞ እንደገና አራት ሰው መለመን አለ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ለባነር፣ ለቲሸርትና ለውሎ አበል የሚወጣው ብር ስንት በር ያስተካክል ነበር? ግንዛቤ መፍጠሩስ በአዳራሽ ከሚሆን በየቅሬያችን፣ በየዕድራችን ማለቴ ነው፣ ቢሆን አይሻልም? ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ ሐሳባችሁን ወርውሩ።

(መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። እንዳለ ከምለጥፈው ፍሬ ነገሩን በየቁጥሩ ላውጋችሁ። ስድቡን ዘልዬዋለሁ፤ ሁሉንም ግን አይደለም።)

መልስ 1

ቀድመው የጻፉት ሆጤ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሐሳቡን ደግፈው ሲያበቁ፣ በጨዋ ደንብ፣ ስብሰባን ሁሉ በአንድ ላይ መኮነን ተገቢ እንዳልሆነ አሳሰቡኝ። እሳቸው ማስተማር በጀመሩበት ዘመን ዓይነ ስውር ልጅ ያለው ወላጅ ልጁን ጓዳ ደብቆ ነበር የሚያሳድገው። ዛሬ እጁን ይዞ ትምህርት ቤት የሚያመጣው አንድ ቀን አንድ ሰው ስለነገረው ነው ይላሉ። ምሳሌ ያደረጉት የወሎዋን ልጅ የትነበርሽ ንጉሴን ነው። አማራ ሳይንት ተወለደች። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ቤተሰቧ ትማር ብሎ ሻሸመኔ ላካት፤ የሕግ ባለሙያ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወሰደች። ጓዳ ብትቀር ኖሮ ብለው ጀምረው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት።

መልስ 2

ይሄኛው የሕግ ሰው ይመስለኛል። ጥያቄዬን ከሥሩ አስተካከለው። በር ማስተካከል የደግነት ጉዳይ አይደለም፣ ግዴታ ነው አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ን አንቀጽ 36 ጠቀሰ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ሁሉ፣ ዊልቸር ለሚጠቀምም፣ መራመድ እየቻለ ደረጃ መውጣት ለማይችልም ሰው የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ሽንት ቤቱም እንደዚያው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተቀብላ በአዋጅ አጽድቃለች። ስለዚህ ስለ ባነሩ ብር ከመነጫነጭ ይልቅ ለሕንፃው መጠቀሚያ ፈቃድ የፈረመው ማን እንደሆነ ብጠይቅ ይሻለኝ እንደነበር ነገረኝ። ቃሉ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል።

ልክ ነው። ግን አዋጁን ይዤ ሱቅ በር ላይ ብቆም ባለሱቁ ሻይ ይጋብዘኛል እንጂ ደረጃውን አያፈርስም።

መልስ 3

ፎርማን ነው። ሰላምታም ሳያበዛ ወደ ሥራው ገባ። የራምፕ፣ በደረጃ ፈንታ የሚሠራው ተዳፋት መውጫ፣ ሒሳብ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ከፍታው በአሥራ ሁለት ይባዛል። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላላት አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ያስፈልጋል። ሦስት ደረጃ ካለ ከፍታው 45 ይደርሳል፤ ራምፑም 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ፒያሳ ላይ ከሱቅ በር እስከ ጎርፍ ቦዩ ያን ያህል ቦታ የት ይገኛል? ብዙ ባለቤቶች በሁለት እርምጃ የሚያልቅ ገደል ሠርተው ራምፕ አለን የሚሉት ለዚህ ነው። እሱ እንደሚለው ያ የቢራ ሳጥን ማውረጃ ነው። ሰው በዚያ ቢወርድ በአፍጢሙ ነው።

ከዚያ ያመጣት ነገር ግን እኔን ራሴን ዝም አሰኘችኝ። ደሴ ተዳፋት ናት እያልን ሁሌ እናማርራለን። ተዳፋት መንገድ ላይ የተሠራ ቤት ግን ወለሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ በታችኛው ጫፍ አራት ደረጃ ቢኖረው በላይኛው ጫፍ ከመንገዱ ጋር ሊገናኝ ትንሽ ነው የሚቀረው። በሩን በላይኛው ጫፍ መክፈት ነው። ምንም ራምፕ ላያስፈልገው ይችላል። ይሄ ግን ፕላን ሲወጣ የሚታሰብ እንጂ ከተገነባ በኋላ የሚለጠፍ አይደለም። የበሩ ስፋትም ቢያንስ 80፣ ቢቻል 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን አለ፤ ዊልቸሩ ራሱ ወደ 65 ይሆናል፤ የሚገፋው ሰው እጅም ቦታ ይፈልጋል። ሴራሚክ ደግሞ አታንጥፉ አለ። የደሴን ዝናብ ለሚያውቅ ማብራሪያ አያሻውም። ሻካራ ልስን ይበቃል።

መልስ 4፣ 5 እና 6

አራተኛው ባለባጃጅ ነው። ውሸት ምን ያደርጋል ብሎ ጀመረ። በዊልቸር ያለ ሰው እጁን ሲያነሳ አይቶ ያለፈበት ቀን አለ። ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ብር ተቆርጦ የተሰጠው ነው። ወንበሩን አጣጥፎ እስኪጭን ሌላው ሁለት ሰው አንስቶ ይሄዳል፤ የተጫነው ወንበርም የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል። ግንዛቤ አጥቼ ሳይሆን ቆጥሬ ነው ያለፍኩት ነው ነገሩ።

አምስተኛዋ ከኮምቦልቻ ናት። ዊልቸር ተጠቃሚ ናት። ባለባጃጁን እዚያው አራገፈችው። እውነት መናገሩ እሷን ሥራ ቦታዋ እንደማያደርሳት ነገረችው። ለእሷ አንድ ሒሳብ፣ ለወንበሩ ሌላ ሒሳብ ከፍላ ነው የምትሄደው። ወንበሩ ከመቼ ወዲህ ሰው እንደሆነ ጠየቀችው። ዝናብ ላይ ቆማ ባጃጅ ሲያልፋት ስንት ጊዜ ከሥራ ገበታዋ እንደዘገየች፣ አለቃዋም ስትዘገይ ምን እንደሚላት ዘረዘረች። የጻፈችው ረጅም ነው። በቁጣ የተጻፈ ነው፤ ቁጣውም ይገባታል።

ልጁ ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ በስድስተኛው ተመልሶ መጣ። እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ ወንበሩ እንዴት እንደሚታጠፍ ጠየቃት። አንድ ጊዜ የደንበኛውን ወንበር በእጅ መደገፊያው አንስቶ መደገፊያው እጁ ላይ ቀርቶበት ያውቃል። እሷም ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። የእግር ማሳረፊያዎቹን ወደ ላይ ማጠፍ፣ መቀመጫውን መሐል ላይ ከፊትና ከኋላ ይዞ ወደ ላይ መሳብ፤ በራሱ ጊዜ ይታጠፋል። በእጅ መደገፊያም በእግር ማሳረፊያም ፈጽሞ አይነሳም፤ ተነቃይ ናቸውና። የሰውየውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ወንበሩን መግፋትም አይገባም አለችው። ከመልሶቹ ሁሉ የወደድኩት ልውውጥ ይሄ ነው።

መልስ 7፣ 8 እና 9

እዚህ ላይ ጨዋታው ፈረሰ። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ የአካል ጉዳተኛ መኖሪያ ኮምቦልቻ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ውረዱና ኑ አለ። አንድ ደሴዬ የኮምቦልቻን ሙቀት አንስቶ መለሰለት። ከዚያ ስለ ሐረጎ ጉም፣ ስለ መንገዱ መጠምዘዣ፣ የማን ከተማ ቡና ይሻላል እየተባለ ተቀጠለ። አብሽሩ፣ ሁለቱም ጋ ቦዩ ክዳን የለውም ብዬ ወደ ነገሩ ለመመለስ ሞከርኩ። ከባድ መኪና በሚርመሰመስበት በኮምቦልቻ አውራ መንገድ ሜዳው ለእግረኛ ምን እንደሚጠቅም የጠየቀም ነበር። የተመለሱት ግን በእኔ ሳይሆን በአሥረኛው መልስ ነው።

መልስ 10

ዓይነ ስውር ነው። ስልኩ የሚያነብለትን እየሰማ ራሱ ነው የጻፈው። ስለ ሙቀቱ ተከራክራችሁ ስትጨርሱ ስለ ቦዩ ክዳን እናውራ ብሎ ገባ። ነጭ በትር መሬት ላይ ያለውን ነው የሚነግረው። ደረት ላይ ያለውን አይነግረውም። የሱቅ በረንዳ ብረት፣ ዘንበል ያለ ማስታወቂያ፣ የቆመ መኪና መስታወት፣ እነዚህን የሚያገኛቸው በግንባሩ ነው። ያጣውን ክዳን ደግሞ በእግሩ። የሚያውቀው መንገድ ላይ ትናንት የነበረ ክዳን ዛሬ ሲጠፋ ከማያውቀው መንገድ ይከፋበታል፤ ተማምኖ ነው የሚረግጠው።

ሌላም አለ። ሰው ሊረዳው ሲፈልግ ድንገት በትሩን ወይም እጁን ይይዝና ይጎትተዋል። የሚረዳ ሰው ድምፁን አሰምቶ ማን እንደሆነ ይንገረኝ፣ ከዚያ እኔ ክርኑን ልያዝ ይላል። ክርን ይዞ ግማሽ እርምጃ ከኋላ ሲሄድ የፊተኛው ሰው ሲወርድም ሲወጣም ይሰማዋል። መንገድ አሻግሮ ምንም ሳይናገር ጥሎት የሚሄድ ሰው እንደሚያስቸግረውም አነሳ፤ ማዶ ደርሷል ወይስ መሐል ላይ ነው?

መልስ 11

የአንዲት እናት ነው። ልጇ መስማት የተሳናት ናት። አንድ ጤና ተቋም ካርድ አውጥተው ተቀመጡ። ስም ይጠራል። እናትየው ለአንዳፍታ መድኃኒት ቤት ጠይቃ ስትመለስ የልጇ ስም ተጠርቶ አልፏል። ልጅቱ እዚያው፣ ከምትጠራው ሴት ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ካርዷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ከሰልፉ መጨረሻ እንደገና ጀመሩ። እናትየው የጠየቀችው ሊፍት አይደለም፣ አስተርጓሚም አይደለም። ነጭ ሰሌዳና እስክሪብቶ ነው። ተራ የደረሰው ቁጥር ይጻፍ።

የምልክት ቋንቋውን እሷ ከልጇ ትምህርት ቤት ለቃቅማ ተምራለች። ባሏ ገና ነው። አባትና ልጅ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው በእሷ በኩል ነው የሚያወሩት። ሌላውን ማስተማር ከመፈለጌ በፊት ቤቴን ልጀምር ብላ ጨረሰች።

መልስ 12 እና 13

አንዱ ስለ ቁጥር አነሳ። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ከመቶ አንድ ገደማ ነው፤ ለአንድ በመቶ ሰው ከተማ ሙሉ ይፍረስ ወይ የሚል ነው። ስሜት የለውም፣ ሒሳብ ነው የሚያወራው።

አሥራ ሦስተኛው ሒሳቡን በሒሳብ መለሰለት። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከስድስት ሰው አንዱ፣ 1.3 ቢሊዮን ሕዝብ ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከአጠያየቁ ነው። ቆጣሪ ቤት አንኳኩቶ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ ካለ፣ የለም ይባላል፤ የሚያሳፍር የሚመስለው አለ፣ የአያቱን ዓይን መፍዘዝ እርጅና ነው ብሎ የማይቆጥር አለ። ማየት ይቸግርዎታል? መስማትስ? ደረጃ መውጣትስ? ተብሎ ሲጠየቅ ግን ቁጥሩ ይነሳል። በየቤታችሁ ጉልበቷን ይዛ ደረጃ የምትወርድ እናት የላችሁም ወይ ሲል ሁሉም ጸጥ አለ። እኔ ይሄን ነጥብ በመነሻው ላይ ባነሳው ደስ ባለኝ፤ ራምፕ የሚጠቅመው ሕፃን ያዘለችውንም፣ ዕቃ የሚገፋውንም ነው።

መልስ 14 እስከ 17

አይቀርም ብዬ ነበር፤ መጣ። አካል ጉዳት የወላጅ ኃጢአት ነው፣ ከላይ የመጣን በሲሚንቶ አትመልሱትም የሚል አንድ ሰው ብቅ አለ። መልስ 15 ዘለፋ ብቻ ስለሆነ ትቼዋለሁ።

16 እና 17 ግን የወሎ ናቸው። በአንዱ መድረሳ የሚያስተምሩ ሰው ስለ አብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም ጻፉ። ዓይነ ስውር ነበሩ። አዛን ያደርጉ ነበር፤ ነቢዩም መዲናን ለቀው ሲወጡ በቦታቸው ተክተዋቸው ያውቃሉ። ሱረቱ ዐበሰ የተባለችው የቁርኣን ምዕራፍ የወረደችው በእሳቸው ምክንያት ነው፤ እሳቸው ሲመጡ ፊት ስለመዞሩ ነው ወቀሳው። ይህን እያወቀ አካል ጉዳተኛን እርጉም የሚል ሙስሊም ኪታቡን ይፈትሽ አሉ። ከሥር አንድ ዲያቆን መጣ። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን አነሳ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ፣ እሱም ወላጆቹም አልሠሩም ተብሎ ነው የተመለሰላቸው። ሼሁም ዲያቆኑም ተመሰጋግነው ሄዱ። 14 ቁጥር አልተመለሰም።

መልስ 18

ነርስ ናት። እርግማን ከተባለው ውስጥ ብዙው ሕክምና ያለው መሆኑ ያንገበግባታል። እግሩ ወደ ውስጥ ቆልመም ብሎ የሚወለድ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመጣ፣ በየሳምንቱ ጄሶ እየተቀየረለት ቀስ በቀስ ይቃናል። ከዚያ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ቀንም ሌሊትም፣ በኋላ ማታ ማታ የሚደረግ ልዩ ጫማ አለ፤ እስከ አራትና አምስት ዓመቱ ድረስ። እናቶች ጫማውን ያቋርጡታል፣ እግሩ የዳነ ስለሚመስላቸው። ያኔ ይመለሳል። ትራኮማም እንደዚያው ነው። ደጋግሞ የያዘው ሰው ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይቧጥጠዋል። ቀላል ቀዶ ሕክምና አለው። ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ዓመት የሚቆጥሩ እናቶች አሉ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይን የሚያክም፣ የሥጋ ደዌን በማከምም ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ ቤት እዚሁ አፍንጫችን ሥር እያለ።

መልስ 19

አጭር ነው። በጦርነቱ አንድ እግሩን ያጣ ወጣት። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን ሁሉም ያውቀዋል ብሎ አልዘረዘረም። ደሴ ውስጥ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሠራ የአካል ተሃድሶ ማዕከል እንዳለ ለማያውቁ ተናገረ። ሰዎች አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ይመስላቸዋል፤ አያልቅም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀረው እግር እየከሳ ስለሚሄድ ማስገቢያው ይሰፋል፣ ይላጣል፣ መስተካከል አለበት። ልጅ ከሆነ ደግሞ ባደገ ቁጥር ይቀየራል። ከገጠር የሚመጣ ሰው የመመላለሻውን ብር ነው የሚያጣው። ስለዚህ ቲሸርቱ ይቅርና ትራንስፖርቱ ይሰጥ ባይ ነው። በዚህ ከእኔ ጋር አንድ ነን።

መልስ 20

ሕግ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ዓይነ ስውር ነው። ፈተና ያልፋል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲያዩት ፊታቸው ይቀየራል፤ ይህን ከድምፃቸው ነው የሚያውቀው። እንደውልልሃለን ይባላል። አዋጅ 568/2000ን ጠቀሰ። ነጥቡ ከሌላው ተወዳዳሪ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ ለአካል ጉዳተኛው ነው። መድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ሲከስም የማስረዳት ሸክሙ በእሱ ላይ አይወድቅም። ለመልስ 2 ጸሐፊ አንድ ጥያቄ ጣለለት፤ ከቀጣሪ ጋር ተካስሶ ያሸነፈ ሰው ነገ ማን ይቀጥረዋል? ሁለት ቁጥር እስካሁን መልስ አልሰጠም። እየጠበቅን ነው።

መልስ 21 እና 22

ሃያ አንደኛው ጥርሱን ነክሶ መጣ። ሁሉ ነገር ይሰጠን ማለት ለምዶባችኋል፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጤነኛ እግሩን አጥፎ የሚለምን ሞልቷል አለ። መልስ 22 የዚያችው የኮምቦልቻዋ ሴት ናት። ግብር ከፋይ እንደሆነች፣ ከደመወዟ ሲቆረጥ ወንበር ላይ ናት ተብሎ የቀነሰላት እንደሌለ ነገረችው። እግሩን አጥፎ የሚለምነውን ካወቀ ለፖሊስ ያመልክት፤ እሷ ግን የምትጠይቀው ባንክ ገብታ የራሷን ብር ማውጣት ነው። ሰውየው አንድ ነገር ጻፈ፤ ከዚያ ራሱ አጠፋው።

መልስ 23

የስፖርት ወዳጅ ነው። በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ ያመጣችው የትዕግስት ገዛኸኝን ፎቶ ለጥፎ፣ ለሕዝቡ እንደዚህ ዓይነቱን እናሳይ አለ። ደስ ይላል፣ እኔም ሳያት ጮቤ ረግጫለሁ። ግን የዓይነ ስውሩ ጸሐፊ፣ አሥር ቁጥር፣ ተመልሶ በቀልድ አደረገው። እሱ መሮጥ እንደማይፈልግ፣ ቦይ ውስጥ ሳይገባ ዳቦ ገዝቶ መመለስ ብቻ እንደሚፈልግ ተናገረ። ወርቅ ያላመጣውም ሰው ነው።

መልስ 24

አንድ የቅሬ ጸሐፊ ናቸው፤ ሮቢት በኩል ያለ ቅሬ። ከሁሉ ረጅሙና ጥያቄዬን በትክክል የያዘው የእሳቸው ነው።

የእነሱ ቅሬ መተዳደሪያ ደንብ አካል ጉዳተኛን ከጉልበት ሥራ ነፃ ያደርጋል። መቃብር አይቆፍርም፣ ቃሬዛ አይሸከምም፣ ድንኳን አይተክልም። መዋጮውን ይከፍላል፤ አለቀ። ደግ ደንብ ነው ብለው ሲኮሩበት ነው የኖሩት። አንድ ዓመት ስብሰባ ላይ፣ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሌለ ልብስ ሰፊ ተነሳ። ሰው ሲሞት ለፋፊው የእኔን በር ዘሎ ነው የሚሄደው አለ። ለምን ቢሉት፣ ሥራ ስለሌለብኝ ለእኔ መንገር አያስፈልግም ብሎ ነው። የጎረቤቱን ሞት ከቀብር በኋላ ሱቁ ከመጣ ሰው ሰማ። እንግዲያውስ ለልቅሶ ሲደርስ ሰው ምን ብሎ ተቀበለው? አንተም መጣህ እንዴ ነው የተባለው። ስብሰባው ላይ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ስትቀሩ የምትቀጡትን ቅጣት እኔንም ቅጡኝ።

ጸሐፊው እንደጻፉት መጀመሪያ የሳቀ ነበር። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። አንደኛው ወገን እግር የሌለውን ሰው መቅጣት ነውር ነው አለ። ሌላው ወገን አለመቅጣቱ ነው ነውሩ አለ። በመጨረሻ ለልብስ ሰፊው ሥራ ተሰጠው፤ ድንኳን በር ተቀምጦ መዝገብ ይይዛል፣ የመጣውንና የቀረውን ይመዘግባል። አሁን ከሁሉም የሚፈራው እሱ ነው ይላሉ። ለጎረቤት እንኳ አያልፍም። ራሱም አንዴ አርፍዶ ስሙን ቀሪ ብሎ ጽፎ ቅጣቱን ከፍሏል።

ያልፈቱትንም አልደበቁም። መስማት የተሳናቸው ባልና ሚስት አባል አሉ፤ ልፈፋው ለእነሱ ምንም አይደለም። ለጊዜው ለፋፊው ቤታቸው ገብቶ በእጁ ይነግራቸዋል፤ አንዳንዴ ይረሳል። በስልክ መልእክት ይላክ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ካርዱን ማን ይሙላ በሚለው ላይ ቆሟል።

ለጡረተኛው መምህር ያለኝ መልስ ይኼ ነው። ግንዛቤ አያስፈልግም ማለቴ አልነበረም። ጋሼ እንዳሉት ወላጅን የሚያነቃው ሰው ነው። ግን ልብስ ሰፊው ያንን ደንብ ያስለወጠው አዳራሽ ተከራይቶ አይደለም፤ በየወሩ መዋጮ ከሚከፍላቸው፣ ነገ ከሚቀብሩት ሰዎች ፊት ቆሞ ነው። ባነር ለያዘ እንግዳ ያጨበጨበ ሰው ለጎረቤቱ ግን መልስ መስጠት አለበት። ህዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ነው፣ በዓሉን እናክብር፤ ችግር የለም። ግን ምድር ቤት ይሁን።

መምህሩ ይህን አንብበው ተስማሙ፤ የራሳቸውን ቅሬ ደንብ አውጥተው እንደሚያነቡት ጻፉ። አንድ በመቶ ያለው ሰውዬም፣ ይገርማል፣ አውራ ጣቱን አነሳ።

መልስ 25

አንድ ዳቦ ቤት ያለው ሰው ነው። መልሶቹን አንብቦ በሩ ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ በግማሽ ቀን በሲሚንቶ አስተካከላት። በነጋታው አንድ ሰው ሞተር ሳይክል አቁሞባት አገኘው። አንሳ ሲለው፣ ለሞተር የሠራህልን መስሎኝ ነው አለው። አሁን ቀለም መቀባት አስቧል፤ ምን ዓይነት ምልክት እንደሚያደርግ ነው የጠየቀው። የዊልቸሩን ምልክት ቀባበት፣ ባጃጆችም ያውቁታል የሚል ምክር ከባለባጃጁ ተሰጠው።

መልስ 26

ፎርማኑ ተመልሷል። በሩን ማስተካከል ለሚፈልግ ሰው ሒሳቡን በነፃ እሠራለሁ አለ፤ ደሴም ኮምቦልቻም። አራት ልኬት ብቻ ይላክ፤ የደረጃው ጠቅላላ ከፍታ፣ የበሩ ስፋት፣ ከበሩ እስከ ቦዩ ያለው ርቀት፣ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ርዝመት። መንገዱ ወደ የትኛው በኩል እንደሚያዘቀዝቅም ይጻፍ። ሜትሩ በፎቶው ላይ ይታይ፣ በስንዝር የተለካ አልቀበልም ብሏል።

እስካሁን ሁለት ካፌ፣ አንድ ፋርማሲና አንድ ጸጉር ቤት ልከዋል። ፋርማሲው ከፍታውን ሳይለካ ነው የላከው፤ ድጋሚ ይላክ ተብሏል።